ሬዲዮ ጭና የሄደችው መኪና

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ተጨምራበት ብትገኝ የአቃቂ ወንዝ ሽቅብ ይፍሰስ፤ አሻግሬ እስከ ዛሬ የበየደው ሽቦ ሁሉ በአንድ ቀን ይፈታ፤ ምላሱም ካውያ እንደ ነካው ናይለን ይኮማተር።

መሐላው የራሱ የአሻግሬ ነው። የማለውም በመጠጥ ቤት አይደለም፤ በአቶ ተስፋሚካኤል የልቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ በሠልስቱ ማግስት፣ ከቀትር በኋላ ነው። በልቅሶ ቤት በሐሰት የሚምል ሰው የለም፤ ካለም አሻግሬ አይደለም።

ሟቹ ሠላሳ ዓመት በባቡር ጣቢያው የሠሩ፣ አቃቂ በሰቃን እንደ ጓዳቸው የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። ለሦስት ቀን የሚለቀሰው ተለቅሷልና ሰዉ ንፍሮውን እየዘገነ፣ ካርታውን እየጣለ ወደ ጨዋታው ዘንበል ብሏል። ባለቤታቸው እማማ ፀሐይቱ ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ።

«አሻግሬ፣ እስቲ ያቺን መኪና ንገረን። ተስፋሚካኤል እሷን በሰማ ቁጥር ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው። ዛሬ ደግሞ እኔ ልስማለት።»

«አንቱ ካዘዙማ፣ እማማ።»

አሻግሬ ጀርባውን ለድንኳኑ መግቢያ ሰጥቶ ወንበሩን አመቻቸ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ዕድሜው ሲጠየቅ አርባ ይላል፤ ስለ ሙያው ሲጠየቅ ግን የሥራ ልምዱ ብቻ ሃምሳ ዓመት ይሞላል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ቆርቆሮ ቤት ነው። እሱ ሲያወራው ግን ከአቃቂ እስከ ጅቡቲ አቻ የለውም፤ ድሬዳዋ ላይ ቴሌቪዥን ሲበላሽ ባለቤቱ «በሉ አቃቂ ውሰዱልኝ» ይላል።

«አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ» ብሎ ጀመረ።

ድንኳኑ ውስጥ እርስ በርስ ተያዩ። ደንበኛዋ ማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። አሻግሬ ታሪኩን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያወራ አንድም ቀን ስሟን አንስቶ አያውቅም፤ ባልቴት ሴት ስሟ በወንድ ወሬ ውስጥ እንዲንከባለል አይፈልግም። ስሟ አሰፋች ነው። እዚያው ከአቃቂ በላይ ባለው መንደር የሚታወቀው የገበሬው የዱሬሳ ልጅ ናት፤ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ባሏ በጊዜ ሞቶባታል። አሥራ አራት ዓመት ከአሻግሬ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተው በቀበሌ ቤት ኖረዋል። ግድግዳው ደግሞ ጭቃው የረገፈ፣ በጋዜጣ የተለጠፈ ስለነበር ከመለየት ይልቅ ማገናኘቱ ይበልጥ ነበር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል የእጅ ሬዲዮዋ በግድግዳው አልፎ ይመጣለታል። በሱ ይነሣል። ዜናው ሲያልቅ ነጠላ ጫማዋ ወደ በሩ ሲሄድ ይሰማል። በሱ ሱቁን ይከፍታል። የእጅ ሰዓት ኖሮት አያውቅም።

«ይህች ደንበኛዬ» አለ ለድንኳኑ፣ «አንድ ሬዲዮ ነበራት። አሥራ አንድ ጊዜ ተበላሽቶ አሥራ አንድ ጊዜ አስነሥቼዋለሁ። ሌላ ባለሙያ ቢነካው ኖሮ ዛሬ የልጆች መጫወቻ ነበር!»

ሬዲዮው ለምን አሥራ አንድ ጊዜ እንደተበላሸ ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። በጠገነው ቁጥር ከሽቦዎቹ አንዷን አላልቶ ይበይዳት ነበር፤ አንድ ሁለት ወር ቆይታ እንድትለቅ አድርጎ። ስትለቅ አሰፋች ሬዲዮዋን በሻሽ ጠቅልላ ሱቁ ድረስ ትመጣለች። እሱም «ይሄ ከባድ ነገር ነው፣ ትንሽ መቀመጥ ይኖርብሻል» ይላታል። ትቀመጣለች። የአምስት ደቂቃውን ሥራ ሁለት ሰዓት ያደርሰዋል።

ሬዲዮው ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ተበላሽቶ እሱ ዘንድ እያለ አሰፋች የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላት። ቱሉ ዲምቱ። ዕቃዋ ኢሱዙ ላይ ተጭኖ፣ እሷ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ እልል ሲልላት አሻግሬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«አሻግሬ፣ ሬዲዮዬስ?»

በዚያች ሰዓት «ነገ አመጣልሻለሁ» ቢል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ያለ ተራ ነገር ከአሻግሬ አፍ አይወጣም።

«አታስቢ! በእግሩ ይመጣልሻል!»

ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ኢሱዙው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በግድግዳው በኩል የሚመጣ ነገር የለም፤ አዲሱ ተከራይ ምሽት ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ ዘበኛ ነው። አሻግሬ አንድ ቀን ሦስት ሰዓት፣ አንድ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ሱቁን መክፈት ጀመረ። ሬዲዮውን ግን አበጅቶታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ሽቦ አጥብቆ በየደው፤ አሁን መቶ ዓመት አይበላሽም። መሄድማ ይቻላል፤ ሚኒባሱ ከበሰቃ አፍንጫ ሥር ነው የሚነሣው። ግን ሰው ሰው ቤት የሚሄደው ለልቅሶ ነው፣ ለአራስ ነው፣ ለቤት ምረቃ ነው። የቤት ምረቃዋ ዕለት ጫማውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ ተመልሶ ተቀመጠ። የቀረው ምክንያት ሬዲዮው ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ ተሸካሚ በእጁ አንጠልጥሎ ቢሄድ አፉ የተናገረውን እግሩ ሊያፈርስበት ነው።

ይህን ሁሉ ለድንኳኑ አላወራም። ለድንኳኑ ያለው «ቃል ገባሁ፤ እኔ ደግሞ ቃሌ ብረት ነው» ብቻ ነበር።

«በኋላስ?» አሉ እማማ ፀሐይቱ።

«በኋላማ ይህ ጉተማ መጣ።»

ጉተማ ከካርታው ቀና አለ። የቴክኒክና ሙያ አስተማሪ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ይህ ታሪክ በተወራ ቁጥር አጠገብ መገኘት ዕጣው ሆኗል።

የመጣው ኢንተርኔቱ ነጋ ጠባ በሚጠፋበት በዚያ ክረምት፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ ነበር። ሁለት ነገር ይዞ ነው የመጣው። አንደኛው ከሥልጠና ያገኛት፣ ከመታወቂያ ወረቀት የማትበልጥ አረንጓዴ ሰሌዳ ናት።

«ኮምፒውተር ናት» አለ።

«ይቺ? ይቺማ የሲም ካርድ እናት ናት!»

«ጋሽ አሻግሬ ሙት፣ ሙሉ ኮምፒውተር ናት። ራስበሪ ፓይ ነው የሚሏት። ቲቪ ላይ ትሰካታለህ፣ ኪቦርድ ትሰጣታለህ፣ በቃ። ከነዚህ እግሮቿ በአንዱ ላይ ቁራጭ ሽቦ ብታስርላት ደግሞ የሬዲዮ ሞገድ ትለቃለች።»

ሁለተኛው ወሬ ነበር። ጉተማ በሩን ሊወጣ ሲል እንደ ዋዛ የጣለው።

«አሰፋች ቤቱን ልታከራየው ነው አሉ። እህቷ ዱከም ነች አይደል? ለጳጉሜን ጠቅልላ ትገባለች።»

አሻግሬ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ዱከም ከገባች በኋላ እህት አለ፣ የእህት ባል አለ፣ ዘመድ አዝማድ አለ፤ ማን ነህ ምን ፈለግህ የሚል በር አለ። የቀረው ጊዜ የነሐሴ ወር ብቻ ነው። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ወደቀ። እዚያ ክንድ የምታህል ቀይ መጫወቻ መኪና ነበረች፤ ሪሞቷ ጠፍቶባት ባለቤቷ ትቷት የሄደ።

«ቆይ እስቲ፣ ጉተማ። ያቺ ሰሌዳህ ለዚህች መኪና ሪሞት መሆን ትችላለች?»

«ሞገዷን ካወቅንማ ትችላለች።»

«ሞገድ? ሞገድን ለኔ? እኔ ሞገድን በጠረኑ የማውቅ ሰው ነኝ!»

ድንኳኑ ሳቀ። አሻግሬ እዚህ ላይ ሲደርስ ይነሣል፤ ተነሣ። እንግዲህ እንዴት እንደሆነ ልብ በሉ። መኪናዋን ሆዷን ከፈታት። ውስጧን አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጎ «ሃያ ሰባት ሜጋኸርዝ!» አለ። ኮምፒውተሯን ቴሌቪዥን ላይ ሰካት። ቁራጭ ሽቦ አሰረላት። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር ተጠናቀቀ።

«ሦስት ሳምንት» አለ ጉተማ ካርታውን እያየ።

«ለአንተ ነዋ ሦስት ሳምንት!»

እውነት ነው፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ የሞከረው ጉተማ ነበር። መኪናዋ የምትሰማው ሞገዱን ብቻ አይደለም፤ ሞገዱ ስንት ጊዜ ቢቆራረጥ ወደ ፊት፣ ስንት ጊዜ ቢቆራረጥ ወደ ግራ ማለት እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። አንዱን ቁጥር ይሰጣሉ፤ መኪናዋን ያያሉ፤ ዝም። ሌላውን ይሰጣሉ፤ ዝም። መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ እንደገና። ጉተማ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላም አሻግሬ ብቻውን ተቀምጦ አንዱን ቁጥር ሲከትብ፣ ቀይዋን መኪና ሲያይ፣ ሌላውን ሲከትብ ያመሽ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የፊት ጎማዎቿ ዞር አሉ። ልክ ከኋላው ስሙን እንደ ጠሩት ሰው፣ ዞር። አሻግሬ ጉተማን አልጠራውም። ያንኑ ቁጥር ደግሞ ሰጣት፤ ደግማ ዞረች። ካሁን በኋላ የሚጠራትን ታውቃለች። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ጠራት። ለካ የራቀ ነገር እንደዚህ ነው የሚጠራው፤ ትክክለኛውን እስክታገኝ ነው እንጂ ይሰማል፣ አለ በልቡ።

«ጋሽ አሻግሬ» ብሎት ነበር ጉተማ በማግስቱ፣ «የምትሰማው ከዚህ እስከ በሩ ነው እንግዲህ።»

«እስከ ቱሉ ዲምቱ ነው» አለው።

እና ምን አደረገ? ሽቦውን ከሱቁ ቆርቆሮ ጋር አሰረው። የሱቁ ቆርቆሮ ከጎረቤት ቆርቆሮ፣ የጎረቤት ከጎረቤቱ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አሮጌው የባቡር ሐዲድ ድረስ ደረሰ። ሐዲዱ የፈረንሳይ ብረት ነው፤ የፈረንሳይ ብረት ደግሞ ሞገድ ይወዳል። ያን ዕለት ዱከም ላይ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ሁሉ የአሻግሬን መኪና ነው የሰማው!

የነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮውን ከጎማ ውስጥ በወጣ የከመነዳሪ ላስቲክ መኪናዋ ጀርባ ላይ ጠፍሮ፣ ድምፁን ከፍቶ ለቀቃት። እሱ ሱቁ ውስጥ ኪቦርዱ ላይ ነው። መኪናዋ ዋናውን አስፋልት ያዘች። ባጃጆች ግራና ቀኝ ተከፈሉላት። ባለ ተሳቢ ሹፌር ፍሬን ይዞ ወርዶ ባርኔጣውን አነሣላት። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ከነጭቃው፣ ከነጉድጓዱ...

«ባለፈው ሰባት ነበር» አለ አንዱ ከጥግ።

«ባለፈው በአቋራጭ ነዋ የነገርኳችሁ!»

ሰዉ ፈነዳ። እማማ ፀሐይቱ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። አሻግሬ ሞቀው።

ትራፊክ ፖሊስ አስቆማት። «መንጃ ፈቃድ!» አለ። ሹፌር የለም። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሬዲዮው ዜና ጀመረ። ፖሊሱ ደንግጦ ቀጥ አለና ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፋት። የቱሉ ዲምቱን አደባባይ እንደ ሕጉ ዞረችው፤ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ዞረችው፣ ሚኒባሶቹ እንዲማሩ ብላ። ዝናብ መጣ። ዝናብ ለሌላ ነው! ከዚያ ኮንዶሚኒየሙ። ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚኖርበት ሰው እንኳ ይሳሳታል። እሷ አልተሳሳተችም። ብሎኩን አገኘችው፤ ደረጃውን ወጣች፤ አራተኛ ፎቅ!

«ባለፈው ሦስተኛ ነበር እኮ፣ ጋሼ!»

«ያኔ ግንባታው አላለቀም ነበር!»

ሳቁ ድንኳኑን ነቀነቀው። አሻግሬ ግን እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይወርዳል። እሱም አይታወቀውም። እጆቹ በአየር ላይ ትንሽ በር ሠሩ።

«በሩን አንኳኳች» አለ። «በፊት ጎማዋ። ሁለት ጊዜ። ደንበኛዬ ከፈተች። ወደ ላይ አየች፣ ሰው የለም። ወደ ታች ስታይ... ሬዲዮዋ። ጎንበስ አለች። ሳቀች። ስትስቅ እጇን እንዲህ አፏ ላይ ነው የምታደርገው። ‹ይህ የማን ሥራ እንደሆነ አውቄያለሁ› አለች። መኪናዋን ከዝናቡ ወደ ውስጥ አስገባቻት። በእጅ ፎጣ አደረቀቻት። በማግስቱ ‹ዱከም ይቅር› አለች። ቀረች። ይህንን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እስከ ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ናት። ማን አስቀራት? ሃያ ሰባት ሜጋኸርዝ!»

«አንተ ሱቅህ ተቀምጠህ ፎጣውን በምን አየኸው?» አለ ጉተማ።

«ሞገድ ሲመለስ ወሬ ይዞ ነው የሚመለሰው።»

«እንደዚያ ከሆነ ለምን አታገባትም ታዲያ?» አለ የጥግ ሰውዬ።

«የኔ ሥራ መላክ ነው፣ ወዳጄ። መድረስ የመኪናዋ ነው።»

ይህችን ሲል ሁልጊዜ ትልቁ ሳቅ ይመጣ ነበር። እጁን ዘርግቶ ጠበቀው። አልመጣም። ጉተማ ካርታውን ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እማማ ፀሐይቱ ከአሻግሬ ትከሻ በላይ ወደ መግቢያው ያያሉ።

«ቆየሽ እንዴ፣ አሰፋች?» አሉ።

«ከትራፊኩ ጀምሮ ነኝ፣ እማማ። ማቋረጥ አልወደድኩም። እግዜር ያጽናዎት።»

አሻግሬ ዞር አለ። አሰፋች ነጠላዋን እንደ ልቅሶ አጣፍታ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆማለች። ኢሱዙው ከሄደ ወዲህ አላያትም። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል። ለካ የዛሬው ልቅሶ ለሷ መምጫ እንደሚሆን ማሰብ ነበረበት። ለሁሉም ነገር ምክንያት ሲፈልግ የኖረ ሰው ይህንን ረሳው።

ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። እማማን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች። ንፍሮ አቀረቡላት፤ ጥቂት ዘገነች።

«እስቲ አንቺ ንገሪን» አሉ እማማ ፀሐይቱ። «የመጣችው አንቺ ቤት ናት። ይህ ሰው በተስፋሚካኤል ድንኳን ውስጥ ምሏል። እውነት ነው?»

አሰፋች ንፍሮውን በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። ወደ አሻግሬ አላየችም።

«መኪና አልመጣም» አለች።

ማንም አልሳቀም።

«ሬዲዮውም አልደረሰኝም። ቅዳሜም አልነበረም፤ እሑድ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ። በመስኮት አየሁት። ጃኬቱን አውልቆ የሆነ ነገር ጠቅልሎበት አቅፏል። እሱ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ይወርድበታል። ከብሎኩ በር ፊት ለፊት ቆመ። ሁለት ጊዜ እስከ ደረጃው መጣ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ይሆናል።»

«አትጠሪውም ነበር?» አሉ እማማ ቀስ ብለው።

«ጎረቤቱ ሁሉ አዲስ ነው፣ እማማ። ብቻዬን የምኖር ሴት በመስኮት ወንድ ልጣራ?» ንፍሮውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። «ይወጣል ብዬ ሻይ ጣድኩ። ሳይፈላ ሄደ።»

ከዚያ ወደ አሻግሬ ዞር አለች። ድምፅዋ ከሷና ከሱ ያለፈ አልነበረም፤ ድንኳኑ ግን ዝም ስላለ ሁሉም ሰማ።

«ዱከም ያልሄድኩት ተመልሰህ ብትመጣ ሰው ታጣለህ ብዬ ነው።»